«በሉ ታረቁ» ያልኩ ቀን

ቃሊቲ አካባቢ ባለ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ነበርኩ። የምናመርተው ጄሪካን ነው። ሌሊት የሚሠሩት ኦፕሬተር ሃምሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ያንኑ ማሽን የምትረከባቸው ደግሞ ገና ሃያ አምስት ያልሞላት ልጅ ናት። ሁለቱም ሥራ ያውቃሉ። ጠባቸው ያሳዘነኝም ለዚህ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ገና በሩ ላይ ሳለሁ ጩኸት ሰማሁ። ሮጬ ገባሁ። ልጅቷ «ሁልጊዜ የእርስዎን ቆሻሻ እኔ ነኝ የማጸዳው!» ትላለች። እሳቸው «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ!» ይላሉ። ሠራተኛው ሥራ አቁሞ ከቧቸዋል።

ያኔ ያደረግኩት ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። መሃላቸው ገባሁና «በሉ በቃ፣ ታረቁ» አልኩ። ወደ ልጅቷ ዞሬ «ትልቅ ሰው ናቸው፣ ይቅርታ ጠይቂያቸው» አልኳት። ዳር የቆሙትም «አዎ፣ ትጠይቅ» አሉ። መሬት መሬት እያየች «ይቅርታ ጋሼ» አለች። እሳቸውም የእጇን ጫፍ ጨበጡ። ተጨበጨበ፤ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔም ነገር ያበረድኩ መሰለኝ።

አልበረደም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ እሳቸው እስኪወጡ ጥበቃ ቤቱ አጠገብ ትቆማለች። እሳቸውም 1 ሰዓት ሲሆን ቱታቸውን አውልቀው ውልቅ ነው። የርክክብ መዝገቡ ላይ በየቀኑ አንድ ቃል ብቻ ይጻፋል፦ «ደህና»። ሁለቱም ሆድ ይፍጀው ብለዋል።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ጄሪካን ማሽን ላይ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ላላየ ሰው ልንገር። ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት እንደ ማር ይፈስ የነበረው ፕላስቲክ ሲሊንደሩ ውስጥ ይረጋል፤ ቆይቶም እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። መብራት ሲመለስ ሂተሮቹ ቀስ ብለው እስኪያቀልጡት መታገስ ግድ ነው። ከኋላ ቀልጦ ከፊት ሳይቀልጥ ማሽኑ ከተነሳ፣ የታመቀው ፕላስቲክ በአፉ በኩል ይተፋል።

የዚያን ሌሊት የፊቱ ሂተር እየዘገየ መሆኑን ጋሼ አይተዋል። መዝገቡ ላይ ግን ያው «ደህና» ነው። ልጅቷ ገባች፣ ማሽኑን አስነሳች። የቀለጠው ፕላስቲክ ጓንቷ ላይ አረፈ። አሽቀንጥራ ጣለችው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆዳዋን አልነካም። ጓንቱ ሲሚንቶው ላይ ሲጨስ ግን ዛሬም ይታየኛል።

የሰው ኃይል ክፍሉ ደብዳቤ ሊጽፍ ተነሳ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በሥራ ቦታ አምባጓሮ ማስነሳት እንደ ጥፋቱ ክብደት ያለማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል። «አንዳቸው ይሂዱና እንገላገል» ያለም ነበር። ሁለት ቀን ስጡኝ ብዬ ለመንኩ።

መጀመሪያ ጋሼን ከበሩ ማዶ ወዳለችው ሻይ ቤት ወሰድኳቸው። ምንም አልጠየቅኩም። ሁለተኛውን ሻይ ሲጀምሩ ራሳቸው ተናገሩ። ማሽኑን ማጽዳት የሁለት ሰው ሥራ ነው። ረዳታቸው ከተወሰደ ሁለት ወር አልፎታል። ሰርቪሱ ደግሞ 1 ሰዓት ከ10 ላይ ይነሳል፤ ካመለጣቸው እስከ ቱሉ ዲምቱ ታክሲው ከኪሳቸው ነው። «ድሮ እየቀረሁ አጸዳ ነበር። ማን ከፈለኝ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሕጉ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛውን ክፍያ 1.5 እጥፍ ያዛል። እሳቸው አንድም ቀን አልተከፈላቸውም። ረዳቱን ወደ ሌላ ማሽን ያዛወርኩት ደግሞ እኔው ነበርኩ።

ልጅቷን በማግስቱ ለብቻዋ አገኘኋት። ከቦርሳዋ የሦስት ወር የደሞዝ ወረቀት አወጣች። የቦነሱ ቦታ ሦስቱም ላይ ባዶ ነው። ምርት የሚቆጠረው ከ1 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ማሽኑ ሲሞቅ የሚባክነው ጊዜ በሙሉ በእሷ ላይ ይወድቃል። «ትልቅ ሰው መድፈር አምሮኝ አይደለም» አለችና እንባዋ መጣ። ያን ቀን ይቅርታ ያስጠየቅኳት በማን ጥፋት ነው?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላል። ደህና ሽማግሌ እኮ ገና ሲቀመጥ «ታረቁ» አይልም። አንዱን አስወጥቶ ሌላውን ይሰማል። ይመክራል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ እንደገና ይሰማል። እኔ የወሰድኩት የመጨረሻዋን ጭብጨባ ብቻ ነበር። እሱንም ሰው በተሰበሰበበት።

ሦስተኛው ቀን ላይ ሁለቱን ማሽኑ አጠገብ አገናኘኋቸው። ሌላ ሰው አልነበረም። ማን አጠፋ አላልኩም። «መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ይሄ ማሽን እስኪሞቅ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብዬ ጠየቅኩ። ሁለቱም እኩል «ሁለት ሰዓት» አሉ። ተያዩ። ልጅቷ «የፊቱ ሂተር ካስቸገረ ደግሞ ሁለት ተኩል» ስትል ጋሼ አቀረቀሩ። ትንሽ ቆይተው «የዚያን ቀን ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው» አሏት። ማንም በሉ አላላቸውም።

ረዳቱን በዚያው ሳምንት መለስኩ። የማሞቂያው ሰዓት ራሱን የቻለ ዓምድ ወጣለት፤ በማንም ላይ አይቆጠርም። ርክክቡ ማሽኑ አጠገብ ሆነው በአፍ እየተነጋገሩ ነው፤ ጋሼ የሚቆዩባት ግማሽ ሰዓትም በትርፍ ሰዓት ትያዛለች። የሰርቪሱ ነገር ግን ከአስተዳደር ጋር ሁለት ወር አከራከረን። በመጨረሻ 1 ሰዓት ከ40 ላይ እንዲነሳ ተፈቀደ።

አንድ ጠዋት መዝገቡን ገለጥኩ። «ደህና» የሚለው ቃል የለም። በጋሼ ጠማማ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «መብራት 11 ሰዓት ላይ ጠፍቶ 12 ላይ መጣ። የፊቱ ሂተር ዛሬም ዘግይቷል። 2 ሰዓት ተኩል ሳይሆን እንዳትነኪው፣ ልጄ።»