ብርሃን በተባለ ቁጥር

ማክሰኞ ማታ መብራት ሄደ። ሰፈራችን ውስጥ ይሄ ወሬም አይደል። ስልኬ 11 ፐርሰንት ላይ ስለነበር ሻማ ለኩሼ ከመደርደሪያው አንድ መጽሐፍ ሳብኩ። እጄ የገባው "አጋሜምኖን" ነው። ግሪካዊው ኤስኪለስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 አቴንስ ላይ ያሳየው ትራጄዲ። የእኔው ቅጂ የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። እማዬ ብታየኝ "ዓይንሽን ልታጠፊው ነው" ትለኝ ነበር።

ከዚህ በፊት ሁለቴ አንብቤዋለሁ። ያኔ የምከታተለው ማን ማንን ገደለ የሚለውን ነበር።

ተውኔቱን የሚከፍተው ዘበኛ ነው። ቦታው አርጎስ፣ የቤተ መንግሥቱ ጣሪያ ላይ። ዓመት ሙሉ እንደ ውሻ ክንዱ ላይ ጋደም ብሎ ሲጠብቅ ያድራል። ከዋክብቱ መቼ እንደሚወጡ፣ መቼ እንደሚጠልቁ ለይቶ ያውቃል። እንቅልፍ እንዳይጥለው ሊያንጎራጉር ይሞክርና ስለ ጌቶቹ ቤት ሲያስብ ልቅሶ ይቀድመዋል። የእኛ ሰፈር ዘበኛ ትዝ አለኝ፤ እሱስ ቢያንስ ጋቢና ሬዲዮ አለው።

ድንገት ከሩቅ ተራራ ላይ እሳት ያያል። ንጉሡ አጋሜምኖን የዘመተባት ከተማ፣ ትሮይ፣ ወደቀች ማለት ነው። ሌሊቱን ቀን ያደረግከው ብርሃን እያለ ሊጨፍር ይነሳል። ብዙም ሳይቆይ ግን ድምፁ ይወርዳል። የቀረውን አልናገርም፣ ምላሴ ላይ ትልቅ በሬ ቆሟል ይላል። ቤቱ ራሱ አፍ ቢኖረው ይናገር ነበር።

እርሳስ ያነሳሁት እዚህ ጋ ነው። ብርሃን፣ እሳት፣ ፀሐይ፣ ንጋት ባሉ ቁጥር ማስመር ጀመርኩ።

ቀጥሎ ንግሥቲቱ ክሊተምኔስትራ ወሬው በአንድ ሌሊት እንዴት እንደደረሳት ትናገራለች። እሳቱ ትሮይ አጠገብ ካለው ከኢዳ ተራራ ተነስቶ ወደ ሌምኖስ ደሴት፣ ከዚያ ወደ አቶስ። ባሕሩን ዘሎ፣ የአሶፖስን ሜዳ እንደ ሙሉ ጨረቃ አቋርጦ፣ ወደ ኪቴሮን። በመጨረሻ ለከተማው ቅርብ የሆነው አራክኔዮን ተራራ ላይ። የምትተርከው እንደ ዱላ ቅብብል ሩጫ ነው። ይሄን ገጽ ሳሰምር እርሳሴ ዶለዶመ። የደመራው ጭስ ለንግሥት እሌኒ መስቀሉ ያለበትን አሳያት እንላለን። ይሄኛው እሳት የት እንዳረፈ እዩልኝ፤ የአጋሜምኖን ጣሪያ ላይ። ትሮይን ካቃጠለው እሳት የተወለደ ነበልባል ተራራ ለተራራ ተሻግሮ ቤቱ ድረስ መጣ። ሁለቴ ሳነብ ይሄ እንዴት እንዳመለጠኝ!

ከዚያ በኋላ መልእክተኛው ይመጣል። ለአገሩ ፀሐይ ሰላምታ ይሰጣል፣ ንጉሡ በጨለማ ብርሃን ይዞላችሁ መጣ ይላል። ንጉሡም ይደርሳል፤ በሐምራዊው ምንጣፍ ላይ ተራምዶ በሩን አልፎ ይገባል። ሚስቱ ትገድለዋለች። ግድያው ካለቀ በኋላ ደግሞ ውሽማዋ ኤጊስቱስ ብቅ ይላል። የመጀመሪያ ቃሉ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ፍትሕ ያመጣህ ደግ የቀን ብርሃን! ብቻዬን ሳቅሁ።

ብርሃንን እልል ብሎ የተቀበለ ሁሉ ጉድ ይከተለዋል። ብርሃኑን የተሰናበተችው ግን ካሳንድራ ናት፤ ከትሮይ ተማርካ የመጣችው ነቢይት። እውነቱን ሁሉ ታያለች፣ ማንም አያምናትም። ትንቢቴ ከእንግዲህ እንደ አዲስ ሙሽራ ከዓይነ ርግብ ስር አያጮልቅም ትላለች። እንደምትሞት እያወቀች በሩ ላይ ትቆምና ዳግም የማታየውን ፀሐይ ተማጥና ትገባለች። መሰናበቻዋ ስለ ሰው ኑሮ ነው፤ ሲደላው ጥላ ይገለብጠዋል፣ ሲከፋው እርጥብ ስፖንጅ እንደ ሥዕል ያጠፋዋል። እዚህ መስመር ላይ ብዙ ቆየሁ።

ሌላም ነገር አለ። ተውኔቱ የታየበት የአቴንሱ የዲዮኒሶስ ቲያትር ጣሪያ የለውም፣ ተውኔቱም የሚታየው በቀን ነበር። ያ ዘበኛ ስለ ሌሊት የሚያወራው ፀሐይ ላይ ቆሞ ነው። ሌሊቱ በሙሉ በቃል የተሠራ ነው። እውነተኛ ጨለማ ያለው ከበሩ ወዲያ ብቻ፣ ጩኸቱ ከሚሰማበት። እኔ ደግሞ የእነሱን ፀሐይ በሻማ አነባለሁ።

አራት ሰዓት አካባቢ የሕንፃው ልጆች እንደ ልማዳቸው "መጣ!" ብለው ጮኹ። አምፖሉ በራ። መጽሐፉን አምፖሉ ስር ዘርግቼ ያሰመርኩትን ለማየት ሞከርኩ፤ በደነዘው እርሳስ ካሰመርኩት ግማሹ አይታይም። የካሳንድራ ስፖንጅ ላይ ሰም ጠብ ብሎ ደርቋል። በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ አድርጌ ተውኩት፤ ወረቀቱ ሊነሳ ሆነ።