የአሴቶን ሽታ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አንርቅም። በበጋ ነፋሱ አቧራ ይዞ ይገባል። ጠዋት ከፍተን የመጀመሪያው ሥራችን መደርደሪያ መወልወል ነው። የሰፈሩ ሰው «ዶክተር» ይለኛል። ፋርማሲስት ነኝ። «ዶክተር አይደለሁም» ማለቱን ከጊዜ ብዛት ትቼው ነበር። ካለፈው ሁዳዴ ወዲህ ግን እንደገና ጀምሬያለሁ።

ከእኛ አጠገብ የሴቶች ፀጉር ቤት አለ። እዚያ ጥፍር የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች። ዕድሜዋ ከሃያ አይዘልም። ከገጠር መጥታ ከአክስቷ ጋር ትኖራለች፤ ከእኛ ሁለት ብሎክ አለፍ ብሎ፣ አራተኛ ፎቅ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ደጃፋችን ላይ ቆማ ታጫውተኛለች። «ዶክተርዬ» ነው የምትለኝ። እንደ ታናሽ እህቴ ነው የማያት።

መጋቢት ላይ፣ አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ መጣች። ስልኳን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«ይሄን ስጪኝ።»

ስክሪንሾት ነው። ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም፣ ጠዋት ከምግብ በፊት። የጨጓራ ሽሮፕ። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ሰው «ተልባ በማር፣ በባዶ ሆድ፣ ፍቱን ነው» ብሎ ጨምሯል። ቴሌግራም ላይ አንድ የጤና ግሩፕ ውስጥ ጠይቃ ነው ያገኘችው።

«ማን ነው ያዘዘልሽ?» አልኳት።

«ዶክተር ነው። ሁሉም እሱን ነው የሚጠይቀው።»

ከኋላዋ አራት ሰው ቆሟል። አንደኛው ብሩን በእጁ ይዞ እየተቁነጠነጠ ነው። «እርጉዝ አይደለሽም አይደል?» አልኳት። «አይደለሁም» አለች። «መድኃኒት የሚቆጣሽ አለ?» የለም። ሰጠኋት። ያለ ማዘዣ፣ ከስልክ ላይ አንብቤ።

ያቺን ደቂቃ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ መልሼ እንዳየኋት አልቆጥረውም። ሁሉም ነገር ፊቴ ነበር። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በእጇ ትልቁን የለስላሳ ጠርሙስ ይዛለች፤ ግማሹ አልቋል። «ሙቀቱስ!» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ መጋቢት ነው። ልብሷ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷታል። «ከሳሽ እኮ» አልኳት። «ጾሙ ነዋ» አለች። እውነቷን ነው፣ ሁዳዴ ነው። ሂሳብ ልትከፍል ጠጋ ስትል አሴቶን ሸተተኝ። ጥፍር ቀለም ስታስለቅቅ የምትውል ልጅ ሌላ ምን ልትሸት ነው? ለሁሉም ምክንያት ነበረው። አንዱን ከአንዱ ጋር ያገናኘ ግን አልነበረም።

ለምን ሐኪም ቤት አልሄደችም ብላችሁ እንዳትፈርዱባት። ከእኛ ሰፈር ሐኪም ቤት መሄድ ማለት የቀን ሥራ መተው ማለት ነው። የታክሲ ሰልፍ አለ። የካርድ ሰልፍ አለ። ከዚያ ላብራቶሪ፣ ከዚያ ውጤት ለማሳየት ሌላ ወረፋ። እሷ ደግሞ የሚከፈላት በሠራችው ጥፍር ልክ ነው። ስልኩ እጇ ላይ ነው። ሌሊት በስምንት ሰዓት ብትጠይቀውም አያመናጭቃትም። ይሄ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም። ሐኪም ቤት ሄዶ ተመናጭቆ የተመለሰ ሰው፣ ዳግመኛ ለመሄድ እግሩ ይከብደዋል። ከባንኮኒው ወዲያ ማዶ በየቀኑ የማየው ነው።

ዓርብ ጠዋት አክስቷ መጡ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ተንሸራቶ መሬት ሊነካ ነው። የልጅቷን ስልክ ይዘዋል።

«ማስመለሱ አልቆም አለ። ግሉኮስ ስጪኝ የኔ ልጅ። የፕላሲል መርፌም ጨምሪልኝ። ጎረቤታችን ነርስ ናት፣ ቤት ትሰቅልላታለች። ይኸው፣ እዚህ ላይ ጽፈውልናል።»

ሰው ሲደክመው «ግሉኮስ ይሰቀልልኝ» ማለት የተለመደ ነው። እኔም ፌስታል አንስቼ ነበር። እግረ መንገዴን ነው የጠየቅኳቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያስመልሳት?»

«ከማክሰኞ። ከዚያ ወዲህ ሥራም አልወጣችም። ዛሬማ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል። ትንፋሿ ደግሞ ያ የጥፍር ነገር ይሸታል። የሰጠሻት መድኃኒት ይሆን እንዴ?»

እጄ ፌስታሉ ላይ ቀረ። ከማክሰኞ ጀምሮ አንድ ጥፍር ያልነካች ልጅ፣ ዓርብ ለምን አሴቶን ትሸታለች?

ይህን ተምሬዋለሁ። ተፈትኜበት አልፌያለሁ። ሰውነት ኢንሱሊን ሲያጣ ስኳሩን ከደም ወስዶ መጠቀም አይችልም። ደሙ በስኳር ተሞልቶ ሥጋው ይራባል። የተረፈው ስኳር በሽንት ሲወጣ ውሃውን ይዞት ይወጣል፤ ጥሙ ከዚያ ነው የሚመጣው። የተራበው ሰውነት ስቡን ማንደድ ይጀምራል። ያኔ ኬቶን የሚባሉ ነገሮች ይፈጠራሉ፤ ደሙን አሲድ ያደርጉታል። ሆድ ያማል፣ ያስመልሳል። ከነሱ አንዱ አሴቶን ነው። የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቀው ያው አሴቶን። በትንፋሽ ይወጣል። አንዳንዱ ሰው የበሰለ ፍራፍሬ ሽታ ነው ይለዋል።

«እትዬ፣ ግሉኮሱን ይተዉት። አብሬዎት እመጣለሁ» አልኳቸው። ባንኮኒውን ለባልደረባዬ ትቼ የስኳር መለኪያውን ይዤ ወጣሁ።

አራተኛ ፎቅ በሩጫ ወጣን። ትንሽዬ ክፍል ናት። መስኮቱ ተዘግቷል። በሩ ሲከፈት ሽታው ተቀበለኝ። ከአልጋው አጠገብ ኩርሲ ላይ አንድ ብርጭቆ ተልባ አለ፤ ማሩ ከሥሩ ረግቷል። ወለሉ ላይ ሁለት ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ። ልጅቷ በጎኗ ተኝታለች። ደረጃውን የሮጥነው እኛ ነን፤ የምታለከልከው ግን እሷ ናት። ረጅም፣ ጥልቅ፣ ፈጣን ትንፋሽ። ስጠራት ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ከደነችው።

ጣቷን ወጋሁ። ጥፍሯ ላይ የሰኞው ቀይ ቀለም አለ፤ ጫፍ ጫፉ ተልጧል። ጠብታዋን ማሽኑ ላይ አስነካሁ። የጤነኛ ሰው ስኳር ጠዋት ምግብ ሳይቀምስ ከ100 በታች ነው። የእኛ ማሽን ከ600 በላይ ከሆነ ቁጥር አይሰጥም፤ «ሃይ» ብሎ ይጽፋል። «ሃይ» አለ። ጣት ቀይሬ ደገምኩ። «ሃይ» አለ።

ሊፍት የለም። ሁለት የጎረቤት ጎረምሶች በጋቢ ጠቅልለው አወረዷት። ታች የአንድ ሰው መኪና ተገኘ። መንገድ ላይ ጭንቅላቷን እቅፌ ውስጥ አድርጌ ትንፋሿን እየቆጠርኩ ነበር። አክስቷ «እመብርሃን» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ናት። ገና ጎንበስ ስትል ፊቷ ተለወጠ፤ እሷንም ሸቷታል። የልጅቷን ምላስ አየች። የእጇን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቶሎ አልተመለሰም። እጇ ሥራ ላይ እንዳለ አክስቷን ትጠይቃለች።

«ውሃ ይጠማታል?»

«ኧረ ስንቱን ጀሪካን!»

«ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ ትነሳለች?»

«አራቴ፣ አምስቴ። መሄዱ ቢሰለቻት ባልዲ አስገባንላት።»

«ይሄ ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?»

«ጾሙ ሳይገባ ጀምሮ።»

ከዚህ ውስጥ እኔ አንዱንም አላውቅም ነበር። ልጅቷ በየቀኑ ደጄ ላይ ትቆም ነበር። ቴሌግራም ላይ መልስ የሰጣትም ሰው አላወቀም። ሐኪሟ ይህን ሁሉ ለማወቅ ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። ከዚያ የሽንትና የደም ምርመራው መጣ፤ የመጀመሪያ ዓይነት ስኳር፣ ኬቶን አስነስቶ። መጀመሪያ የሰቀሉላት ግሉኮስ አልነበረም፤ የጨው ውሃ ነው። ቀጥሎ ኢንሱሊን። አክስቷ ከእኔ ሊገዙት የነበረው ግሉኮስ ሌላ ስኳር ነው። ፌስታሉን አውጥቼ ነበር እኮ። እስካሁን እጄን ይሰማኛል።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለታማሚ የተሰጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 ነው፤ ቶሮንቶ ውስጥ፣ ለ14 ዓመት ልጅ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ስኳር የያዘው ወጣት መዳኛ አልነበረውም። ዛሬ መድኃኒቱ አለ። የእኛው ፍሪጅ ውስጥ፣ እሷ ከቆመችበት ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጦ ነበር።

አምስት ቀን ተኝታ ወጣች። ፋሲካን ቤቷ ነው የዋለችው።

ከሳምንት በኋላ ስልኳን ይዛ መጣች። ያን ቀን የጻፈችውን ፈልጋ አሳየችኝ። «ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ምን ልውሰድ?» ሥሩ 11 መልስ አለ። አብረን ከላይ እስከ ታች አነበብነው። ክፉ ሰው የለበትም። አንዷ «አይዞሽ እህቴ፣ እኔም ነበረብኝ» ብላታለች። መድኃኒት የጻፈላትም ሰው ለጨጓራ ትክክለኛውን ነው የጻፈው። የተጠየቀውን መለሰ። እሷ ስለ ጥሙ አልጻፈችም፤ ሙቀቱ ነው ብላለች። ስለ ሽንቱ አልጻፈችም፤ ያፍራል ሰው። 11ዱም መልስ ነው። አንድም ጥያቄ የለበትም። የእኔ ሁለት ጥያቄዎችም ቢሆኑ መድኃኒቱን ለመሸጥ የሚበቁ እንጂ እሷን ለማወቅ የሚበቁ አልነበሩም። እሱ ስልክ ላይ ነው፣ አያያትም። እኔ ግን አይቻት፣ አሽትቻት ነበር።

ስልክ ይጥፋ የምል አይምሰላችሁ። አሁን የኢንሱሊኗን መጠን የምታስተካክልላት ያቺው ሐኪም ናት፤ በቴሌግራም። ጠዋትና ማታ የለካችውን ቁጥር ትልክላታለች፣ ሐኪሟ «ሁለት ቀንሺ» ወይም «በዚሁ ቀጥዪ» ትላታለች። ለእያንዳንዱ ቁጥር ከቱሉ ዲምቱ ተነስታ ብትመላለስ ሥራ ባልኖራት። ግን ሐኪሟ አንዴ በእጇ ዳስሳታለች። የምትጽፍላት ለማን እንደሆነ ታውቃለች።

እኔም መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ባንኮኒው ጥግ አንድ የፕላስቲክ ወንበር አስቀምጫለሁ። ስልክ የሚያሳየኝን ሰው «ቁጭ በል፣ ቁጭ በይ» እላለሁ። ሰልፈኛው ያጉረመርማል፤ ያጉረምርም። ክብደት ቀንሰሃል ወይ፣ ውሃ ይጠማሃል ወይ፣ ከጀመረህ ስንት ጊዜው ነው፣ ሌላ የምትወስደው አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ነገሩ ካላማረኝ አልሸጥም። «እኔ ዶክተር አይደለሁም፣ ዛሬውኑ ታይ» ብዬ ወደ ጤና ጣቢያ እሸኛለሁ። ተቆጥቶ ከማዶ ካለው መድኃኒት ቤት የሚገዛ አለ። ያሳዝነኛል፤ ግን ያን ሰኞ አልደግመውም።

ልጅቷ ጥፍር ወደ መሥራቷ ተመልሳለች። ቤታቸው ፍሪጅ ስለሌለ ያልተከፈተውን ኢንሱሊን እኛ ጋ ነው የምታስቀምጠው። የተከፈተውን አክስቷ ውጪው በራሰ ገንቦ ውስጥ፣ በላስቲክ ጠቅልለው፣ ፀሐይ የማይደርስበት ጥግ ያኖሩላታል። የአንድ ጠርሙስ ዕድሜ ከተከፈተ በኋላ አራት ሳምንት ገደማ ስለሆነ፣ የከፈተችበትን ቀን በቀይ የጥፍር ቀለም ትጽፍበታለች።

ባለፈው ቅዳሜ መለኪያ ወረቀት ልትወስድ መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። እኔ ሌላ ሰው አስተናግዳለሁ። ቀና ስል ስልኳ ላይ አቀርቅራ በሁለት አውራ ጣቷ ትጽፋለች።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

አዙራ አሳየችኝ። ያው ግሩፕ ነው። አንዲት የማናውቃት ሴት ጽፋለች፤ ያስመልሰኛል፣ አቅም አጣሁ፣ ምን ልውሰድ። ሦስት ሰው መድኃኒት ጽፎላታል። ልጅቷ ከእነሱ ሥር የጻፈችው ገና አልተላከም።

«እህቴ፣ ውሃ ይጠማሻል? ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ ትነሻለሽ?»

«ሌላ የቀረኝ አለ?» አለችኝ።

«ከሳሽ ወይ በያት» አልኳት።

ጨመረችና ላከችው።