የፎይል ትሪ በሮስተር ውስጥ፦ ከእህቴ ልጅ ክርስትና ወዲህ

ጭሱን መጀመሪያ ያየችው እናቴ ናት። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሽንኩርት እከትፋለሁ። «አንቺ ልጅ፣ ኧረ ዕቃሽ እየጨሰ ነው!» አለችኝ። ዞር ስል ሮስተር ከሚባለው የኤሌክትሪክ ማብሰያዬ ክዳን ሥር ጭስ ይወጣል። ሮጬ ስፒናውን ነቀልኩ። ትንሽ ቆይቼ ክዳኑን ሳነሳ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ማድቤቱን ሞላው። የፎይል ትሪው አንዱ ጥግ ተበስቷል። ዘይቱና የዓሣው ውሃ እየተንጠባጠበ የጋለው ብረት ላይ ወርዷል።

ይህ የሆነው በእህቴ ልጅ ክርስትና ዋዜማ ነው። ልጁ ወንድ ስለሆነ ክርስትናው በ40 ቀኑ ነው። ድግሱ ባሕር ዳር ዓባይ ማዶ እህቴ ቤት፣ የኔ ማድቤት ደግሞ እዚያው ከተማ ሽምብጥ። ዶሮ ወጡንም ሌላውንም የእህቴ ጎረቤቶች ተከፋፍለው ይዘውታል። የኔ ድርሻ ዓሣ ነበር፤ ለ40 ሰው።

ፎይል ትሪ ላይ ለማብሰል የወሰንኩት አስቤበት ነው። በአንድ ትሪ አብስዬ፣ በዚያው ሸፍኜ፣ ባጃጅ ላይ ይዤ ወጥቼ፣ እዚያው ማዕዱ ላይ ላስቀምጠው ነው። መገልበጥ ስለሌለ ዓሣው አይሰባበርም። ድግሱ ሲያልቅም የማን ድስት የት ቀረ እየተባለ አይፈለግም። ድግስ ደግሶ የሚያውቅ ሰው ይህን ጣጣ አይረሳውም።

ሮስተሩን ወንድሜ ነው ከአሜሪካ ያመጣልኝ። 17 ሊትር ገደማ ይይዛል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር፤ እንዲህ ያለ ዕቃ የተላከለት ሰው በቀጥታ ሶኬት ላይ እንዳይሰካው። የእዚያ አገር መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ቮልቱ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ቢቀረውም የሚወጣው ሙቀት ከሦስት እጥፍ ያልፋል። ሽቦውን በደቂቃዎች ውስጥ ያቃጥለዋል። የኔው 1450 ዋት ስለሚወስድ 3000 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ገዝቼለታለሁ።

ወደ ጭሱ ልመለስ። ሮስተር ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ውጪኛው አካል ነው። ሌላው ከውስጡ የሚወጣና የሚገባ ድስት ነው። የሚያግለው ሽቦ በውጪኛው አካል ግድግዳ ዙሪያ ነው የተዘረጋው። እሳቱ እንደ ምጣድ ከሥር አይመጣም፤ ከጎን ነው። እኔ ደግሞ ድስቱን ላለማጠብ ብዬ አውጥቼው፣ ፎይል ትሪውን በቀጥታ ውጪኛው አካል ውስጥ አስቀመጥኩት። ትሪው ሰፋ ስላለብኝ ጎኑን በእጄ ጨመቅ አድርጌ ነው ያስገባሁት። ፎይል ደግሞ እንደ ወረቀት የሳሳ አሉሚኒየም ነው። ግድግዳውን የነካው ጎን ጠቆረ፣ የተጨማደደው ጥግ ተቀደደ። ማታ የመመሪያውን ወረቀት ፈልጌ ሳነብ ያለ ውስጠኛው ድስት ፈጽሞ እንዳይሠራበት በትልቁ ተጽፏል። ምክንያቱ ማጠብ ብቻ አይደለም። ፈሳሹ ሽቦው ወዳለበት ከዘለቀ መብራት ሊይዝ ይችላል። ማድቤት ውስጥ እናቴ ነበረች፣ ልጆችም ይገባሉ ይወጣሉ። ያን ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል።

ያን ምሽት ሌላም ስህተት ሠርቻለሁ፤ ያወቅኩት ግን ሲነጋ ነው። ዓሣው ቀረሶ ነበር። ጠዋት ሐይቁ ዳር ወርጄ፣ አስጋሪዎቹ ጀልባቸውን ሳያስጠጉ ደርሼ የመረጥኩት ነው። አጥቤ፣ ጎኑን ተልትዬ፣ በሎሚ፣ በጨውና በነጭ ሽንኩርት አሽቼ ፎይል ትሪው ላይ ደረደርኩት። ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት። ሲነጋ ባየው ትሪውን የነካው ቆዳ ግራጫ ሆኗል። ትሪው ራሱ ብሩህነቱ ጠፍቶ ነጠብጣብ ይዟል። ትንሽ ቆርጬ ጠብሼ ብቀምሰው ብረት ብረት ይላል።

አጠገቡ በብረት ጎድጓዳ ሳህን ያሳደርኩት ስልስ ነበር፤ እሱንም በፎይል ሸፍኜዋለሁ። ፎይሉን ወደ ብርሃን አንስቼ ሳየው ስልሱ የነካው ቦታ ሁሉ በመርፌ የተወጋ ይመስላል። በቀዳዳዎቹ የጠዋት ፀሐይ ይገባል። ሎሚም ቲማቲምም አሲድ አላቸው፣ አሲድና ጨው አሉሚኒየምን ይበላሉ። ብረት ሳህን ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ሁለቱ ብረቶችና ጨዋማው ስልስ አንድ ላይ ሲገናኙ ልክ እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ፣ የሚያልቀው ፎይሉ ነው። ስለዚህ አሁን ሎሚ የነካውን ነገር ሁሉ በፕላስቲክ ወይም በብርጭቆ ዕቃ ነው የማሳድረው። ፎይሉ ላይ የሚወጣው ልክ ሊበስል ሲል ነው።

ያን ጠዋት ያዳነችን እናቴ ናት። «ለድፎ ኮባ እናነጥፍ የለ? ለዓሣው ምን ይከለክላል?» አለች። ጎረቤታችን እማማ ግቢ ኮባ አላቸው። «እማማ፣ ጥቂት ቅጠል ይስጡኝ» ስላቸው እሳቸው ራሳቸው ቢላ ይዘው ወጡ። ቅጠሉን ምጣድ ላይ ለብለብ አደረግነው፤ እንደዚያ ካልሆነ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። አዲስ ትሪ ላይ አንጥፈን፣ የጠቆረውን የዓሣ ቆዳ ገፍፈን ጥለን ደረደርነው። ኮባው ዓሣውን ከፎይሉ ለየው። ሽታው ደግሞ! ክዳኑ ሲነሳ የድፎ ቀን ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ያለ ኮባ አብስዬ አላውቅም።

አሁን የምሠራበት መንገድ እንዲህ ነው። ውስጠኛው ድስት ሁልጊዜ ቦታው ላይ ነው። ሥሩ ላይ ፍርግርጉን አስቀምጣለሁ። ሁለት ኩባያ ውሃ ድስቱ ውስጥ እጨምራለሁ፤ ውጪኛው አካል ውስጥ ግን አንዲት ጠብታ አትገባም። ፎይል ትሪው ፍርግርጉ ላይ ይቀመጣል። በትሪውና በድስቱ ግድግዳ መካከል በየጎኑ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖር አለበት፣ ሙቀቱ የሚዞረው በዚያ ነው። ለዚህ ሲባል ገበያ ከመሄዴ በፊት የድስቱን ውስጥ በገመድ ለክቼ ገመዱን ይዤ ሄድኩ። ባለሱቁ ትሪዎቹን አንድ በአንድ እስክለካ በትዕግሥት ጠበቀኝ። ትሪዎቹ ስስ ከሆኑ ሁለቱን ደርቤ እጠቀማለሁ። ውሃው ከሥር ስላለ ቢንጠባጠብ እንኳ አይጨስም፣ የትሪው ሥርም አያርም።

የሙቀት መቆጣጠሪያው በፋራናይት ነው የተጻፈው። 350 ላይ አደርገዋለሁ፤ በእኛ 177 ዲግሪ ገደማ ማለት ነው። ሦስት ኪሎ ዓሣ በደንብ ተሸፍኖ 50 ደቂቃ ያህል ይፈጅብኛል፤ መመሪያው ላይ ካለው ይረዝማል። ባሕር ዳር ከፍታዋ 1800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። በእንፋሎት የሚበስል ነገር እዚህ ቀስ ይላል። ሥጋው ከአጥንቱ በቀላሉ ሲላቀቅና ነጭ ሲሆን ደርሷል። እናቴ በየአሥር ደቂቃው ክዳኑን ከፍታ ማየት ትወድ ነበር። በከፈተች ቁጥር ሙቀቱ ያመልጣል፣ ደቂቃውም ይጨምራል። አሁን ተስማምተናል፣ 40 ደቂቃ ሳይሞላ አይከፈትም። መብራት ቢጠፋም አልከፍትም። አንድ ቀን ሩብ ሰዓት ያህል ጠፍቶ ሲመለስ ውሃው ገና ይንሿሿ ነበር።

ጥብስ የሚፈልግ ሰው ግን ከዚህ አይጠብቅ። ከላይ እሳት ስለሌለው ዓሣው ለስላሳ ይሆናል እንጂ አይቀላም። እኔ አስቀድሜ በመጥበሻ ቆዳውን ቶሎ አገላብጬ ነው የማስገባው። ድፎም ሞክሬበታለሁ፤ ጎኑ ጠቆረ፣ አናቱ ነጭ ሆኖ ቀረ። ድፎ ወደ ምጣዱ ተመልሷል።

ማውጣቱ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ትሪ ሁለቱን ጠርዝ ይዤ ብድግ ሳደርገው መሃሉ ረገበ። የፈላው መረቅ ወደ አንድ ጎን ሄዶ አንጓዬ ላይ ፈሰሰ። ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ይዤው ስለቆየሁ አላቆሰለኝም፤ ምልክቱ ግን ሁለት ሳምንት ቆየ። አሁን መረቁን በጭልፋ እቀንሳለሁ፣ አሥር ደቂቃ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ከነፍርግርጉ አንስቼ ጠንካራ የብረት ትሪ ላይ አሳርፈዋለሁ። ባጃጅ ላይም የያዝኩት በዚያው በብረት ትሪው ነው። አዲሱን ድልድይ ተሻግረን ዓባይ ማዶ እስክንደርስ ጭኔ ላይ ፎጣ አንጥፌ፣ ትሪውን በሁለት እጄ ይዤ ሄድኩ። ባጃጅ ነጂው ጉብታ ባየ ቁጥር «ያዢው እህቴ» ይለኝ ነበር። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። አራቱም ትሪ ትኩሱን ደረሰ።

ያገለገለውን ትሪ እጥፍጥፍ አድርጌ አልጥልም። አጥቤ የቃሪያና የጎመን ችግኝ አፈላበታለሁ። እምቦጩ ጣናን እንዴት እንዳደረገው በየቀኑ እያየሁ፣ ሐይቁ ዳር የፎይል ቁራጭ ተጥሎ ሳይ አንስቼ ነው የምሄደው።

ከክርስትናው ለእማማም አንድ ትንሽ ትሪ ልከንላቸው ነበር፤ ኮባው የሳቸው ነዋ። ልጁን «ዕቃውን አይመልሱ፣ የሚጣል ነው በላቸው» ብዬ ነበር የላክሁት። በሦስተኛው ቀን በራችንን አንኳኩ። ትሪው ታጥቦ፣ የተጨማደደ ጠርዙ በእጅ ተቃንቶ፣ ትኩስ የገብስ ቆሎ ሞልቶበት ይዘውት መጡ።