«ሙንድራም ፒራይ»ን መበተን፦ የመጨረሻው ትዕይንት ላይ የደረስኩበት

የፊልም ትዕይንት መበተን (ቆራርጦ መተንተን) ለምትለማመዱ ሁሉ፣ ሰሞኑን ትንሽ ፈቀቅ ስላልኩ ላካፍላችሁ። የያዝኩት በደቡብ ህንድ ቋንቋ በታሚል የተሠራውን «ሙንድራም ፒራይ» (1982 እ.ኤ.አ.) ነው። መጨረሻው ለምንድን ነው ከሰው ልብ የማይወጣው?

ላላያችሁት በአጭሩ፦ ቪጂ (ስሪዴቪ) በመኪና አደጋ ያለፈውን ሁሉ ትረሳና አእምሮዋ ወደ ልጅነት ይመለሳል። አስተማሪው ሲኑ (ካማል ሃሳን) ማድራስ (የዛሬዋ ቼናይ) ካለ ሴተኛ አዳሪ ቤት አውጥቶ ኡቲ ወደምትባል የተራራ ከተማ ይወስዳትና እንደ ልጅ ይንከባከባታል። ስትድን ደግሞ እሱን ትረሳዋለች። ድርሰቱም ዝግጅቱም ካሜራውም የባሉ ማሄንድራ ነው። ካማል በትወና፣ ባሉ በካሜራ የህንድን ብሔራዊ ሽልማት ወስደውበታል።

የመጀመሪያው ዙር ዝም ብሎ ማየት ነው። በሁለተኛው አንድ ወረቀት አራት ቦታ ክፈሉ፦ ደቂቃና ሰከንድ፣ ካሜራው የቆመበት፣ የሚሰማው ድምፅ፣ በመጨረሻም «ማን ምን ያውቃል»። ብዙ ሰው አራተኛውን ባዶ ይተወዋል፤ ያለ እሱ ግን ሌላው ሦስቱ የዕቃ ቆጠራ ነው።

አስቸጋሪው የባቡር ጣቢያው ትዕይንት ነው። የተቀረጸው ኬቲ በሚባል ጣቢያ፣ በኒልጊሪ ተራራ ባቡር መስመር ነው። ዝናብ ይዘንባል። ሲኑ ወድቆ ተጎድቶ፣ እያነከሰ ይደርሳል። ይጣራል፤ አታውቀውም። ድስት አናቱ ላይ ደፍቶ እንደ ዝንጀሮ ይጨፍርላታል። እሷ የሚለምን እብድ ይመስላታል፤ ባቡሩም ይሄዳል።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ሙዚቃውን ያመካኛል። የሙዚቃ ደራሲው የኢላያራጃ ማጀቢያ ኃይለኛ መሆኑ አይካድም፤ ግን ድምፁን ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ እዩት። ያው ነው፣ ያማል። ስለዚህ ምክንያቱን ወደ ኋላ ሄዶ መፈለግ ነው። ከመጨረሻው ተነሱና ሲኑ የሚያደርገው እያንዳንዱ ነገር መጀመሪያ የታየበትን ደቂቃ ፈልጉ። የዝንጀሮው ጨዋታ ቤት ውስጥ ሲያስቃት የነበረው ራሱ ነው። ቡችላው ሱብራማኒ፣ የቀበሮው ተረት ዘፈን፣ ሁሉም የሁለቱ ብቻ የሆነ ቋንቋ ሲሠራ ይቆያል። እኛም ሳናውቀው ተምረነዋል። ጣቢያው ላይ ያንን ቋንቋ የምንሰማው እሱና እኛ ነን፤ እሷ የለችበትም። አራተኛው ዓምድ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሌላው፣ የምንቆጣበት ሰው የለም። ቪጂ አልከዳችውም። ሲኑም የዘገየው ፖሊስ ፈርቶ ነው። ማስታወሻችሁ ላይ «ከዳችው» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሰርዙት፤ ከዚያ በኋላ ያለው ትንታኔ ሁሉ ይጣመማል።

ድምፁን መልሳችሁ የምትከፍቱት ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ዬሱዳስ የዘፈነው «ካንኔ ካላይማኔ» እሹሩሩ ነው፤ ግጥሙ ገጣሚው ካናዳሳን ለፊልም የጻፈው የመጨረሻ ሥራው ሲሆን፣ እሱም ፊልሙ ሳይወጣ ጥቅምት 1981 እ.ኤ.አ. አርፏል። ዘፈኑን ቀድማችሁ ከሰማችሁ ለቅሶው ከየት እንደመጣ መለየት አይቻልም።

የመጨረሻውን ቅንጫቢ ብቻ ዩቲዩብ ላይ አይቶ መተንተን ጊዜ ማባከን ነው፤ የሚታየው ድስት የደፋ ሰው ብቻ ነው። ሲኑን የምትመኘውን ሴት የምትጫወተዋን የሲልክ ስሚታን ክፍል በተመለከተ ግን ልከራከር አልችልም። ይረዝማል፤ እኔም እጄ ወደ ማሳለፊያው ቁልፍ ይሄዳል። ቢሆንም አትዝለሉት፣ ሲኑ ሌላ ሴት እንደማይታየው የሚለየው እዚያ ነው።

የህንድ ፊልም ሲባል ሂንዲው ብቻ ለሚመጣላችሁ፣ «ሳድማ» (1983 እ.ኤ.አ.) አለላችሁ፤ አዘጋጁም ሁለቱ ተዋንያንም እነዚያው ናቸው። ታሚሉን ጨርሱና ሂንዲውን ቆየት ብላችሁ፣ የጣቢያውን ትዕይንት ብቻ በዚያው ባለ አራት ዓምድ ወረቀት ሥሩት። በተከታታይ ካያችሁት አንዱ በሌላው ላይ ይደረብባችኋል።