ጉንጭ ላይ የሚለካ ጡብ

ደብረ ብርሃን አጠገብ ካለ አንድ ጡብ ፋብሪካ በጥራት ተቆጣጣሪነት ተቀጥሬ ነበር። ስሙ ይቅር፣ ዛሬም ጓደኞች አሉኝ። የቅጥር ቅጹ ላይ "የወላጅ ሥራ" የሚል ቦታ አለ። "ገበሬ" ብዬ ሞላሁ። ግማሹ እውነት ነው፣ አባቴ የሰው መሬት በእኩል ያርስ ነበር። እኛን ያሳደገን ግን የእናቴ ምጣድና ጀበና ነው። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት።

ሰሜን ሸዋ ያደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። በእናቴ ምጣድ እንጀራ ይጋገራል፤ እሷ ስታልፍ ግን ሕፃን ይሸፈናል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረዋል። የተወለዱበት አንጎለላም ከእኛ ሩቅ አይደለም። አዋጁ ግን እኛ ሰፈር ሳይደርስ መንገድ ላይ የመሸበት ይመስለኛል።

ምሳ ሰባት ስምንት ሆነን ነው የምንበላው። አንዷ ልጅ ምሳ ዕቃዋን ስትከፍት የጤና አዳም ቅንጣቢ ጠርዙ ላይ ታደርጋለች። "ቡዳ እንዳያየኝ" ትላለች። ይሳቃል። ከሁሉ አስበልጬ የምስቀው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን እንዲያውም የራሴን ቀልድ ጨመርኩበት። ቀልዱን እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ የባሰም አለ። አንድ የገበያ ቀን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሳልፍ እናቴን አየኋት። አምስት ጀበና ገለባ ላይ ደርድራ ተቀምጣለች። የፋብሪካውን ሰማያዊ ቆብ እስከ ቅንድቤ ሳብኩና ወደ ማዶ ተሻገርኩ። ያን ቆብ አድርጌ ቤት ሄጄ አላውቅም። አላየችኝም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ታኅሣሥ ላይ ጡቡ ይሰነጠቅ ጀመር። አንዳንዱ ምድጃ ውስጥ ፈንድቶ አጠገቡ ያለውንም ይዞት ይሄዳል። ፎርማኑ ጋሼ መጀመሪያ እሳቱ ላይ አሳበቡ። ከዚያ አፈሩ ላይ። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

እኔ የመጀመሪያው ቀን ገብቶኛል። የታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ነው። ሜዳ ላይ የተሰጣውን እርጥብ ጡብ ነፋሱ ላይ ላዩን ያደርቀዋል፤ መሃሉ እንደራሰ ነው። ሸክላ ሲደርቅ ይኮማተራል። ላዩ ቀድሞ ከተኮማተረ ይሰነጠቃል። ውስጥ የቀረው ውሃ ደግሞ እሳት ሲነካው እንፋሎት ሆኖ መውጫ ያጣል።

እናቴ እንፋሎት ምናምን አትልም። ምጣዱን ጥላ ውስጥ ጆንያ አልብሳ ታቆየዋለች። ቀናት ካለፉ በኋላ አንስታ ጉንጯ ላይ ታስጠጋዋለች፣ ልክ ሕፃን እንደምትስም። ከቀዘቀዛት "ገና ነው፣ ውሃ አለበት" ብላ ትመልሰዋለች። ጭቃው ላይም የተወቀጠ ገል ትጨምራለች። ገል አንዴ እሳት ቀምሷል፣ ሁለተኛ አይኮማተርም።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ዝም አልኩ። "ከየት አወቅከው?" እንዳልባል ነዋ! ኮሌጅ ነው የተማርኩት ብዬ መዋሸት እችል ነበር። እሱን ግን እንጃ፣ አፌ እንቢ አለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ጥፋቱ ጡብ በሚደረድሩት ሁለት የቀን ሠራተኛ ሴቶች ላይ ተላከከ። ከደመወዛቸው ይቆረጥ ተባለ። አንደኛዋ ማልቀስ ጀመረች። ምድጃ ሊገባ ከተደረደረው አንድ ጡብ አነሳሁና ጉንጬ ላይ ለጠፍኩት። በረዶ ነው።

"እርጥብ ነው" አልኩ።

"በጉንጭ?" አሉ ጋሼ።

"እናቴ እንዲህ ነው የምታየው። ሸክላ ሠሪ ናት።"

ማንም አልተናገረም። ያቺ የጤና አዳሟ ልጅ አጎንብሳ የጫማዋን ማሰሪያ ታጠብቅ ያዘች። ቀድሞም አልላላም ነበር።

ጡቡ ዳስ ተሠርቶለት በሸራ ተሸፍኖ እንዲደርቅ ተደረገ። ስባሪውም ተፈጭቶ ጭቃው ላይ ተጨመረ። ስንጥቁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የሴቶቹ ደመወዝ ሳይነካ ቀረ። ከምሳ ገበታችን ግን ሁለት ሰው ተነሳ፤ እስክለቅ ድረስም አልተመለሱም።

በሌላ ጊዜ ጋሼ እናቴን አስመጧት። "እማማ፣ እስቲ ይዩልን" አሏት። ነጠላዋን አጣፍታ ጡቡን አንድ በአንድ ጉንጯ ላይ እያስነካች ለየች። "ይሄ ነገ። ይሄ ከነገ ወዲያ።" ስትጨርስ እጇን አራገፈችና "አበሌስ?" አለች። ጋሼ ሳቁ፣ ግን ከፈሉ።

ስሸኛት በሩ ላይ ቆማ ራሴን አየችው።

"ያ ሰማያዊ ቆብህስ? ገበያ ለት ያደረግኸው።"

መልስ አጣሁ። "ቤት ነው" አልኩ።

"አድርገው እንጂ ልጄ፣ ብርዱ ክፉ ነው።"