ጃንዋሪ 1 የተወለዱት

መሥሪያ ቤታችን የደመወዝ ሲስተም በቀየረበት ወር አንድ ሠራተኛ ደመወዝ ሳይገባለት ቀረ። የምሠራው ሰው ኃይል ክፍል ነውና ወደኔ መጣ። ኮምፒውተሩ ላይ ብፈልገው የለም። አዲሱ ሲስተም ስምና የትውልድ ቀን እያመሳከረ፣ "ተደጋጋሚ" ያለውን መዝገብ አንድ ላይ ይቀላቅላል። እሱን ከሌላ ሠራተኛ ጋር ቀላቅሎታል። የሁለቱም ስም እስከ አባት አንድ ነው። በወረቀት የተወለዱትም በአንድ ዓመት፣ ጃንዋሪ 1 ቀን።

የሲስተሙ ባለሙያ ማጭበርበር ጠረጠረ። የሠራተኛውን ዝርዝር በትውልድ ቀን ደርድሬ አሳየሁት። ጃንዋሪ 1 ላይ ስም በስም ሆነ፤ ከሶማሊያ፣ ከአፍጋኒስታን፣ ከሱዳን የመጡ ሰዎች። የልደት ወረቀት የሌለው ስደተኛ ሲመዘገብ፣ ዓመቱ ብቻ ከታወቀ ወይም ከተገመተ፣ በብዙ አገሮች ቀኑን ጃንዋሪ 1 ብለው ይሞሉታል። ቅጹ ባዶ ቦታ አይቀበልማ! ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ ጥቂት አይደለም። ዩኒሴፍ በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 150 ሚሊዮን ያህሉ ልደታቸው አልተመዘገበም።

"እንግዲያው ትክክለኛውን ይንገረንና እናርመው" አለ ባለሙያው።

ሰውየው ሳቀ። ቀኑን አያውቀውም። ዓመቱን ግን ያውቃል፤ ዕድሜው ከተጻፈለት በሁለት ዓመት ይበልጣል። ቢሆንም "እባካችሁ እንዳትነኩት" አለን። የመኖሪያ ፈቃዱ፣ መንጃ ፈቃዱ፣ የባንክ ሂሳቡ፣ ሁሉም የወጣው በዚያ ቀን ነው። ሚስቱ ደግሞ ሌላ አገር ናት። እሱ ጋ ለመምጣት ያስገባችው ማመልከቻ ኤምባሲ ነው ያለው። እዚያ የተጻፈው የባል ልደት እዚህ ካለው በአንድ ቀን እንኳ ቢለይ፣ ጥያቄው እንደገና ከሀ ይጀምራል። "ጡረታዬ ሁለት ዓመት ይዘግይ፣ ብቻ እሷ ትምጣልኝ" አለ።

መዝጋቢ በአንድ ደቂቃ የሞላው ቀን፣ ለእሱ ሁለት አገር የሚያገናኝ ገመድ ሆኗል። ከእውነተኛው ልደቱ ይልቅ ተጠንቅቆ የሚይዘው ያንን ቀን ነው፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

ቀኑን ትተን ሲስተሙን አስተካከልን። አሁን የሚያመሳክረው በሠራተኛ መለያ ቁጥር ነው። የሰውየው ደመወዝም በሳምንቱ ገባ። ያስቸገረን ሁለተኛው ሰውዬ ነው። የሁለቱ የሥራ ሰዓት ተደምሮ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ገብቶለት፣ ዕድገት ያገኘ መስሎት ለጓደኞቹ ሲጋብዝ ነበር የሰነበተው።