የነጋሪት መምቻዋን ፍለጋ፦ የአራተኛ ወር ማስታወሻ

ባለፈው ማክሰኞ ማታ አገኘኋት። ከራሴ ጣት በወሰድኩት ደም፣ 63ኛው ኒውትሮፊል (አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል) ላይ። ኒውክለሱ ባለ ሦስት ክፍል ነው። ከአንደኛው ክፍል ቀጭን ክር ወጥታለች፤ ክሯ ጫፍ ላይ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለች ክብ ራስ አለች። ቀለሙን ጠጥታ ጠቁራለች። ፎከሱን ወደ ላይ ወደ ታች እያዞርኩ ደጋግሜ አየኋት። ክሯ እውነተኛ ናት። ደስታዬን የምነግረው ሰው ባጠገቤ አልነበረም፤ ይኸው ለእናንተ እየጻፍኩ ነው።

አዲስ ለመጣችሁ፣ ጎንደር ውስጥ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ ከመተማና ከቋራ በኩል የሚመጣው ታማሚ ይበዛል፤ የወባ ስላይድ ሳነብ ነው የምውለው። ከሥራ ስወጣ ደግሞ ያለፉትን አራት ወራት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው የከረምኩት። ሴቶች ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም አለን፣ ወንዶች አንድ። ኤክስ ላይ ያሉት ጂኖች ደግሞ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ናቸው። የእኛ ሴሎች እጥፍ እንዳይሠሩ አንዱን ኤክስ ዝም ያሰኛሉ። እንዴት?

ያቺ ባለ ክር ራስ ዝም ያለችው ኤክስ ናት። ተመራማሪዎቹ ባርና በርትራም እ.ኤ.አ. በ1949 በሴት ድመት የነርቭ ሴል ውስጥ ጠቆር ያለች ነጥብ አዩ፤ በ1954 ዴቪድሰንና ስሚዝ በሴቶች ኒውትሮፊል ላይ ይቺን ጉብታ ገለጹ። (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው።) ፈረንጆቹ የከበሮ መምቻ ይሏታል። እኛ ዘንድ ከበሮ በእጅ ነው የሚመታው። ስለዚህ እኔ የነጋሪት መምቻ ብያታለሁ፤ መልኳም ቁርጥ እሱን ነው።

እናንተም መሞከር ከፈለጋችሁ ልምዴን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ስላይዴ ከንቱ ነበር። ቀለሙን ሳላጣራ ተጠቀምኩና ዝቃጩ ሁሉ መምቻ መሰለኝ። ሁለተኛው ስሚር (መስታወቱ ላይ የሚዘረጋው ደም) ወፈረ፤ ሴሎቹ ተደራርበው ኒውክለሱ አይለይም። ሦስተኛው ላይ ቀለሙን በፊልተር ወረቀት አሳለፍኩ፣ ስሚሩን አሳሳሁ፣ የስሚሩን ጫፍ አካባቢ በመቶው ሌንስ በኦይል አነበብኩ። በሴቶች ላይ ከ100 ኒውትሮፊል በ2 ወይም በ3 ገደማ ብቻ ስለምትታይ ትዕግሥት ትፈልጋለች። እኔ 300 ቆጥሬ 6 አገኘሁ። ታናሽ ወንድሜን ለምኜ የእሱንም ደም ሠራሁ። 300 ቆጠርኩ፤ አንድም የለም። ክር የሌላቸው ትንንሽ ጉብታዎች ግን በእሱም ላይ አይቻለሁ። እነሱን አትቁጠሩ፤ ክብ ራስና ቀጭን ክር ሁለቱም ካልተሟሉ መምቻ አይደለችም።

አሁን ወደ ከበደኝ ክፍል።

ሜሪ ላየን በ1961 የአይጦችን የፀጉር ቀለም አይታ ነው ከሁለቱ ኤክሶች አንዱ ገና በፅንስነት ዝም ይላል ያለችው። የትኛው ዝም እንደሚል በየሴሉ በዕጣ ነው፤ ከዚያ ሴል የሚወለዱት ሁሉ ግን ያንኑ ምርጫ ይዘው ይቀጥላሉ። የቀይ ፀጉር ጂን ኤክስ ላይ ስለሆነ፣ ጥቁርና ቀይ ፀጉሯ የተዥጎረጎረ ድመት ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ሴት የምትሆነው ለዚህ ነው።

ዝም የሚያሰኘው ማን እንደሆነ ፍንጩ የተገኘው በ1991 ነው። ዝም ካለው ኤክስ ላይ ብቻ የሚነበብ ጂን ተገኘ፤ ስሙም ኤግዚስት ተባለ። የሚያወጣው አርኤንኤ በሰው ወደ 19,000 ፊደል ይረዝማል። ፕሮቲን ግን አይሠራበትም። ትምህርት ቤት አርኤንኤ መልእክተኛ ነው፣ ከኒውክለስ ወጥቶ የፕሮቲን ትእዛዝ ያደርሳል ተብለን ነው ያደግነው። ይሄኛው ከቤቱ አይወጣም። ከተወለደበት ክሮሞዞም ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ጎረቤት ያለውን ሌላውን ኤክስ አይነካም። በ1996 በአይጥ ሴል ላይ ጂኑን ቆርጠው ሲያወጡት ያ ክሮሞዞም ዝም ማለት አቃተው።

ሦስት ወር ሙሉ በጭንቅላቴ የያዝኩት ሥዕል ጋቢ ነበር። አርኤንኤው እንደ ጋቢ ክሮሞዞሙን ከላይ እስከ ታች ይከናነበዋል፣ ጂኖቹን የሚያነበው ኢንዛይም መግቢያ ያጣል፣ አለቀ። ባለፈው ወር ማስታወሻዬ ላይም እንዲህ ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ እዚህ ላይ አርሙት።

ሁለት ነገር ነው ሐሳቤን ያስቀየረኝ። አንደኛው የ2002 ሙከራ ነው። ከአርኤንኤው መነሻ ላይ አንዲት ተደጋጋሚ ቁራጭ አወጡ። አርኤንኤው እንደበፊቱ ክሮሞዞሙ ላይ ተሰራጨ፤ ጂኖቹ ግን ዝም አላሉም። ጋቢው አለ፣ እንቅልፉ የለም። ሁለተኛው ቁጥር ነው። በ2021 በአይጥ ሴሎች ውስጥ በጥሩ ማይክሮስኮፕ ሲቆጠር አርኤንኤው የሚገኘው ወደ 50 ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ በየቦታው ሁለት ሁለት ሆኖ። ሃምሳ ቦታ ደግሞ ከ150 ሚሊዮን ፊደል በላይ ያለውን ክሮሞዞም አይሸፍንም።

እና አሁን የያዝኩት ሥዕል ደቦ ነው። ደቦ የጠራው ሰው ማሳውን ብቻውን አያጭድም፤ ሰው ይሰበስባል። በየሃምሳው ቦታ አርኤንኤው ፕሮቲኖችን ይጠራል፣ እነሱም ዙሪያውን ይከማቻሉ። ዋናው ስፔን (SPEN) የሚባለው ፕሮቲን ነው። የሚይዘው በዚያችው በተቆረጠችው ቁራጭ ላይ ነው፤ ለዚህ ነው እሷ ስትወጣ ሥራው የቆመው። ስፔን ሲመጣ ኤችዳክ 3 የተባለው ኢንዛይም ሥራ ይጀምራል፤ ጂኖቹን ለንባብ ክፍት የሚያደርጉትን የአሲቲል ምልክቶች ያነሳል። ቀጥሎ ፖሊኮምብ የሚባሉት ፕሮቲኖች የራሳቸውን የዝምታ ምልክት ያትማሉ። በመጨረሻ ዲኤንኤው ራሱ ላይ ሜቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካዊ ምልክት ይለጠፋል። ይሄ ሁሉ ከተደራረበ በኋላ፣ ባደገ ሴል ውስጥ ኤግዚስትን ቢያወጡት እንኳ ክሮሞዞሙ በአብዛኛው አይነቃም። ጠሪው ቢሄድም ሥራው ተሠርቷል።

በነገራችን ላይ ካንጋሮና ዘመዶቿ ኤግዚስት የላቸውም። አርኤስኤክስ የሚባል ሌላ አርኤንኤ ይዘው ያንኑ ሥራ እንደሚሠሩ በ2012 ታውቋል። ይሄን ሳነብ እውነት ለመናገር ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የእኛን ሥራ የሚነካ ነገርም አለው። የቫይቫክስ ወባን ከጉበት የሚያጠራው ፕሪማኪን የተባለው መድኃኒት፣ ጂ6ፒዲ (ቀይ የደም ሴልን የሚጠብቅ ኢንዛይም) ለሚጎድለው ሰው ቀይ የደም ሴል እንደሚያፈርስ ታውቃላችሁ። የጂ6ፒዲ ጂን ኤክስ ላይ ነው። አንድ ደህና አንድ ጎዶሎ ኮፒ ያላት ሴት ታዲያ ደሟ ሁለት ዓይነት ነው፤ ከፊሉ ሴል ኢንዛይሙ አለው፣ ከፊሉ የለውም። ድርሻው በፅንስነቷ በወጣው ዕጣ ነው የሚወሰነው። ስለዚህ አለ ወይም የለም ብቻ የሚለው ፈጣን ምርመራ እንዲህ ያለችዋን ሴት ደህና ነሽ ብሎ ሊያሳልፋት ይችላል። ድሮ ይሄን በቃሌ ነበር የማውቀው። አሁን የሴት ውጤት ስጽፍ እጄ ቆም ይላል።

የሚቀጥለው ወር ሥራዬ ሴሉ ኤክሶቹን እንዴት እንደሚቆጥርና እንዴት እንደሚመርጥ ማንበብ ነው፤ በአይጦች ላይ ሲክስ የሚባል ተቃራኒ አርኤንኤ አለበት አሉ። የእናቴንም ስሚር ልሠራ ነው፤ ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ ጣቷን ልትሰጠኝ ተስማምታለች። ከሁለቱ ኤክሶቼ አንዱ ከእሷ ነው፣ አንዱ ከአባቴ። ማክሰኞ ማታ ያየኋት መምቻ የማንኛቸው እንደሆነች ስላይዱ አይነግረኝም።